መጥፎ ሽታንና ጎጂ ጋዝን በብስባሽ መደብ ማጣራት
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በእርሻቸው፣ በግጦሻቸውና በወተታቸው የሚታወቁ ቦታዎች ናቸው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን ፋብሪካው፣ የዶሮ እርባታው፣ የቆዳና ሌጦ መጋዘኑ፣ ቄራውና የመኖሪያ ቤቱ ከገበሬው ማሳ ጋር ጎን ለጎን ሆነዋል። ሜዳው ሰፊ በነበረበት ጊዜ ነፋስ በትኖት ይቀር የነበረው የፍግ፣ የደምና የፈርስ ሽታ ዛሬ በቀጥታ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ሽታ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ እንዳልሆነ የሰንዳፋው ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲጣል የቆየው ረጲ ላይ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ ነው። ይህን ቦታ እንዲተካ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻ መቀበል ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው የሚኖሩ ገበሬዎች ሽታው ኑሯቸውን እንዳወከውና ለከብቶቻቸውም እንደሚያሰጋቸው በመግለጽ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሥራው ቆመ። ቆሻሻው እንደገና ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቁልል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ሽታ ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም የጎረቤትን አየር ሳይጠብቅ የተጀመረ ሥራ ምንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት ሊቆም እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የወተት፣ የዶሮ፣ የሥጋና የቆዳ ሥራ የያዘ ኅብረት ሥራ ማኅበርም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንም ሰው የወጣውን ደረጃ በመጣስ አካባቢን መበከል አይችልም፤ ብክለት ያየ ማንኛውም ሰው ደግሞ ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ ለማቅረብ መብት አለው። ስለዚህ ማኅበሩ አቤቱታ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሽታውን ቢያስወግድ ለጎረቤቱም ለራሱም ይበጀዋል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ዘዴ የተበከለ አየርን በባክቴሪያ ማጣራት ነው። በውጭ አገር ፋብሪካዎች በሰፊው ይሠራበታል፤ በትንሽ መጠን ሲሠራ ግን ከማራገቢያውና ከቱቦው በቀር አብዛኛው ዕቃ በገበሬው እጅ የሚገኝ ነው።

ማጣሪያው ምንድን ነው?

ማጣሪያው እርጥበት ባለው ብስባሽ ማለትም ኮምፖስትና በተከተፈ እንጨት የተሞላ መደብ ነው። የሚሸተው አየር ከሚመነጭበት ክፍል በማራገቢያ ተስቦ በቱቦ ወደ መደቡ ሥር ይገባል፤ ከዚያም በድብልቁ መካከል ቀስ ብሎ ሽቅብ ያልፋል። በሚያልፍበት ጊዜ በብስባሹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሽታውን የሚያመጣውን ጋዝ ይበሉታል። መደቡ በደንብ ሲሠራ ከላይ የሚወጣው አየር ዝናብ የመታው አፈር ዓይነት ጠረን ብቻ ይኖረዋል።

ይህ መደብ ከወንፊት ጋር መምታታት የለበትም። ወንፊት የያዘውን እያጠራቀመ በመጨረሻ ይሞላል፤ ባክቴሪያ ግን የያዘውን ወደ ሌላ ነገር ስለሚለውጠው መደቡ በየሳምንቱ ካልተቀየረ አይባልም። አንድ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መደብ እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመናዊው ባህ ከፍሳሽ የሚወጣ ሽታን በአፈር ውስጥ አሳልፎ ማጥፋት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካዊው ሪቻርድ ፖሜሮይ በአፈር መደብ ለሚሠራ ማጣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጀርመንና በኔዘርላንድ ከሽታ አልፎ ከፋብሪካ የሚወጡ የቀለምና የማሟሚያ ተኖችን ለማጣራት በሰፊው ተሠራበት።

ባክቴሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ባቄላና ሽምብራ ከመዘራታቸው በፊት ዘሩ በባክቴሪያ ማዳበሪያ እንደሚታሽ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ያውቃል። በሥሩ እባጭ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጂን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። የማጣሪያው ባክቴሪያዎች ዘራቸው ሌላ ቢሆንም እነሱም በአየር ውስጥ ያለውን ነገር ወስደው የሚለውጡ ናቸው። እነዚህን ግን መግዛት አያስፈልግም፤ በደንብ በበሰለ ብስባሽ ውስጥ ቀድሞውንም አሉ። የሚመጣላቸውን ጋዝ መመገብ የሚችሉት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበዛሉ፤ የማይችሉት ይቀንሳሉ።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ጋዙ በእንጨቱና በብስባሹ ላይ ባለው ቀጭን የውኃ ሽፋን ውስጥ ይሟሟል። ቀጥሎ በውኃው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋዙን ከኦክሲጂን ጋር ይመገቡታል። በመጨረሻም ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ጨዋማ ነገር ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው መደቡ ከደረቀ ምግቡ ወደ ባክቴሪያዎቹ እንደማይደርስ፣ ውኃ ከሞላበት ደግሞ ኦክሲጂን እንደሚያጡ ነው። የማጣሪያ አያያዝ ዋናው ነገር እነዚህን ሁለቱን ማመጣጠን ነው።

የባክቴሪያዎቹ ዓይነት እንደ ጋዙ ይለያያል። የገማ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ታዮባሲለስ የሚባሉት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። ዓይን የሚያቃጥለውን አሞኒያ መጀመሪያ ናይትሮሶሞናስ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ናይትሮባክተር ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የቀለምና የማሟሚያ ተን ደግሞ ሱዶሞናስ ከሚባሉት ጀምሮ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ይመገቡታል።

ምን ያጣራል? ምን አያጣራም?

መደቡ በጥሩ ሁኔታ የሚያጣራው በውኃ ሊሟሟና በባክቴሪያ ሊበላ የሚችለውን ጋዝ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የፍግ፣ የሽንት፣ የደምና የእርጥብ ቆዳ ሽታ፣ አሞኒያና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ከእርሾና ከቢራ ጠመቃ የሚወጣ የአልኮል ተን፣ በመጠኑ አነስተኛ የሆነ የቀለም ማሟሚያ ተን ይገኙበታል።

የሚከተሉትን ግን አያጣራም። የጀነሬተርና የቦይለር ጭስ፣ ጥላሸት፣ የሲሚንቶና የድንጋይ አቧራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እርሳስና ሌሎች ብረት ነክ ብክለቶች ለዚህ መደብ አይሆኑም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ አየርም ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል አስቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት። ከሁሉም በላይ መደቡ አየርን እንጂ ፍሳሽን አያጸዳም። ከበረቱ ወይም ከፋብሪካው የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ከመሥራት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

አንደኛ፦ ሽታው በተቻለ መጠን ከምንጩ ይቀነስ። ፍግ በየቀኑ ከተጠረገ፣ የዶሮ ጉዝጓዝ ደረቅ ሆኖ ከተያዘ፣ ደም ሳይደርቅ ከታጠበ፣ ቆዳና ሌጦ ወዲያው ጨው ከተነሰነሰበት፣ የሽንትና የእበት ጉድጓድ ከተከደነ ከሽታው ብዙው ክፍል ያለ ማጣሪያ ይጠፋል። ይህን ሳያደርጉ ማራገቢያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛ፦ አየሩ የሚያዝ መሆኑ ይረጋገጥ። ግድግዳ በሌለው የከብት በረት ወይም ሜዳ ላይ በተዘረጋ ፍግ የሚወጣውን ሽታ በቱቦ መሰብሰብ አይቻልም። ማጣሪያው የሚያገለግለው ለተዘጋ ክፍል ነው፤ ይኸውም ለተከደነ የእበት መቀበያ፣ ለቆዳ መጋዘን፣ ለቄራ የፈርስና የአንጀት ክፍል፣ ለተዘጋ የብስባሽ ማዘጋጃ ቤት፣ ለፍሳሽ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ነው።

ሦስተኛ፦ ሽታው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ይመዝገብ። በአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ተመርጠው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሽታውን ከ0 እስከ 5 ነጥብ እየሰጡ ለአንድ ወር ይመዝግቡ። 0 ሽታ የለም ማለት ሲሆን 5 ደግሞ የማይቻል ማለት ነው። በበጋ ወራት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር መሬት ለመሬት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሽታውንም ይዞ ይተኛል። በተራራ በተከበበው በሱሉልታ ሜዳ ይህ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማይሸት ቦታ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊሸት ይችላል። መዝገቡ ከማጣሪያው በኋላም ስለሚቀጥል ሥራው መሳካቱን የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው።

የመደቡ ልክ አወጣጥ

የመደቡ ልክ የሚወጣው አየሩ በድብልቁ ውስጥ ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለበት በማሰብ ነው። ለከብትና ለዶሮ ቤት ቀላል ሽታ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ሊበቃ ይችላል። ለቆዳ፣ ለቄራና ለፋብሪካ ጠንካራ ሽታ ግን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መያዝ ይገባል። ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

ምሳሌ፦ አንድ ማኅበር ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የቆዳ መጋዘን አለው እንበል። የክፍሉ ይዘት 60 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ እንዲለወጥ ከተፈለገ ማራገቢያው በሰዓት 600 ሜትር ኩብ መግፋት አለበት። ቆይታው 45 ሰከንድ እንዲሆን 600ን በ3,600 አካፍሎ በ45 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 7.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። የድብልቁ ጥልቀት 1 ሜትር ከሆነ መደቡ 2.5 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃዋል።

የድብልቁ ጥልቀት ከ1.5 ሜትር መብለጥ የለበትም። ጥልቀቱ ሲጨምር ድብልቁ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል፤ አየርም ለማለፍ ይቸገራል።

የቦታው ከፍታም መታሰብ አለበት። ሰንዳፋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው በሰዓት የሚገፋው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ የሚፈጥረው ግፊት ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ሰንጠረዥ ብቻ ተመርቶ ማራገቢያ የሚገዛ ማኅበር አቅሙ ያነሰ ዕቃ ሊደርሰው ስለሚችል ለሻጩ የቦታውን ከፍታ ማስታወቅ ይገባዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብስባሽ፦ በደንብ የበሰለ፣ ሙቀቱ የወጣ፣ ሲያሸቱት አፈር አፈር የሚል መሆን አለበት። ያልበሰለ ብስባሽ ራሱ ይሸታል።

የተከተፈ እንጨት፦ መጠኑ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ያገለግላል፤ ሆኖም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ባክቴሪያ ስለሚጎዳ ግንዱና ቅርንጫፉ ብቻ መወሰድ አለበት። ተከትፎ አንድ ክረምት ዝናብ የመታው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የሰጋቱራ ዱቄት ስለሚጠቀጠቅ አይሆንም። በእንጨት ፋንታ ቤት ሠሪዎች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ ቀዳዳማ በመሆኑ ውኃ ይይዛል፣ አይበሰብስምም።

የድብልቁ መጠን፦ አንድ እጅ ብስባሽ ለሁለት እጅ የተከተፈ እንጨት በስፍር ይደባለቃል። ብስባሹ በእንጨቱ መካከል ገብቶ ስለሚቀመጥና ድብልቁም ስለሚሰጥም ከስሌቱ በላይ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የኖራ ድንጋይ፦ አየሩ የገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ በመደቡ ውስጥ አሲድ ይፈጠራል። ለአሲዳማ ማሳ የሚሰጠው የኖራ ድንጋይ ለዚህም ይሠራል። ባክቴሪያዎቹ ለሚለውጡት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ሰልፋይድ 3 ኪሎ ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ ማሰብ ይገባል። ዱቄቱ ቀዳዳ ስለሚደፍን ለመደብ የሚሻለው ጠጠር ጠጠር ያለው ነው።

ማራገቢያ ወይም ቬንቲሌተር፦ አየርን በግፊት የሚገፋው ዓይነት መሆን አለበት። ለክፍል ማቀዝቀዣ የሚሆነው ተራ ማራገቢያ የመደቡን ተቃውሞ አያሸንፍም።

ቱቦና ሌሎች፦ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ብሎኬት፣ አጣና፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንፊት፣ ላስቲክ፣ የውኃ ጎማ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ቆርቆሮንና ብረትን ቶሎ ስለሚበላ ቱቦው ከብረት ባይሆን ይመረጣል።

አሠራሩ

1. ጎርፍ የማይገባበትና ለሚሸተው ክፍል ቅርብ የሆነ ቦታ ይመረጥ። ወለሉ በሲሚንቶ ወይም በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ ወደ አንድ ማዕዘን ትንሽ እንዲያዘነብል ይደረግ።

2. በዙሪያው የብሎኬት ግድግዳ ይሠራ። በወለሉ ላይ ብሎኬት እየተደረደረ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ክፍል ይተው፤ በላዩም አጣና ተረብርቦ ወንፊቱ ይነጠፍ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ድብልቅ ግማሽ ቶን ያህል ሊመዝን ስለሚችል ርብራቡ ጠንካራ መሆን አለበት።

3. ከማራገቢያው የሚመጣው ቱቦ ወደዚህ የአየር ክፍል ይግባ። ከማራገቢያው በፊት ላባና አቧራ የሚይዝ ወንፊት ይደረግ። አየሩ መደቡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እርጥብ እንዲሆን ውኃ በሚረጭበትና ጠጠር በተሞላ በርሜል ውስጥ ቢያልፍ በጣም ይረዳል። አሞኒያ የበዛበት የዶሮ ቤት አየር ከሆነ ይህ በርሜል የግድ ያስፈልጋል፤ አሞኒያ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይመርዛል።

4. በዝቅተኛው ማዕዘን የውኃ መውጫ ቱቦ ይደረግ። ቱቦው እንደ ክርን ታጥፎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ እንዲይዝ ካልተደረገ ያልተጣራው አየር በዚያው ያመልጣል።

5. ድብልቁ ከመሞላቱ በፊት በሚገባ ይራስ። በአካፋ ቀስ ብሎ ይሞላ፤ ማንም በላዩ አይቁም። አየር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በጠርዝ በኩል ስለሆነ በግድግዳው ዙሪያ ብቻ ጠቅጠቅ ይደረግ።

6. ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ይሠራለት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መደቡን ያጥለቀልቀዋል፤ የበጋው ፀሐይ ደግሞ ያደርቀዋል።

መደቡ ከተሞላ በኋላ ባክቴሪያዎቹ እስኪለምዱ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ሽታው ቢኖር ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ቀደም ሲል ይሠራ ከነበረ ሌላ መደብ ጥቂት አካፋ ድብልቅ ማምጣት ከተቻለ ልምዱ ይፋጠናል።

የዕለትና የሳምንት አያያዝ

እርጥበት፦ ባለሙያዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይፈልጋሉ። ያለ መሣሪያ ለማወቅ ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አውጥቶ መጭመቅ ነው። ውኃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ መዳፍን አርሶ ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው፤ ከተበተነ ደርቋል። በምሳሌያችን ያለው መደብ በበጋ በቀን ከ40 ሊትር ማለትም ከሁለት ጀሪካን ያላነሰ ውኃ ሊያጣ ይችላል። ውኃው በአንድ ጊዜ ከሚፈስስ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ ቢረጭ ይሻላል። ከታች የሚገባው አየር የታችኛውን ክፍል ቀድሞ ስለሚያደርቅ ላዩን ብቻ አይቶ እርጥብ ነው ማለት ያሳስታል።

ግፊት፦ ውኃ የያዘ ብርሃን አስተላላፊ የላስቲክ ቱቦ በጣውላ ላይ እንደ ዩ ፊደል ተጣጥፎ ይቸንከር። አንዱ ጫፍ ከአየር ክፍሉ ጋር ይያያዝ፤ ሌላው ክፍት ይሁን። በሁለቱ በኩል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱን ያሳያል። በደንብ በተሠራ አዲስ መደብ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መደቡ ተጠቅጥቋል ወይም ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው።

አሲድነት፦ ከመደቡ የሚወጣው ውኃ በወር አንድ ጊዜ በፒኤች ወረቀት ይለካ። ከ6 እስከ 8 ጥሩ ነው። ከ5 በታች ከወረደ የኖራ ድንጋይ ይጨመር።

የሚወጣው ውኃ፦ ናይትሬትና አሲድ ስላለበት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ መለቀቅ የለበትም። ይህ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ጎረቤት ለሆነው ለሰንዳፋ አካባቢ በተለይ ይሠራል። ውኃው መልሶ መደቡን ለማርጠብ ወይም በሂደት ላይ ላለ ብስባሽ ይዋል።

መዝገብ፦ ለመደቡ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ውኃ የተረጨበትን ሰዓት፣ ግፊቱንና ያየውን ለውጥ በደብተር ይጻፍ። ሁሉም ይጠብቀዋል የተባለ መደብ ማንም የማይጠብቀው ሆኖ እንዳይቀር ይህ አስፈላጊ ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ሽታው በድንገት ከተመለሰ፦ በመጀመሪያ ርጥበቱ ይታይ። ልክ ከሆነ በመደቡ ላይ ስንጥቅ ወይም በጠርዙ ክፍተት መኖሩ ይፈለግ። በቀዝቃዛ ጠዋት በስንጥቅ በኩል እንፋሎት ጎልቶ ሲወጣ ይታያል።

መደቡ ራሱ ረግረግ ረግረግ ከሸተተ፦ ውኃ በዝቶ አየር ታፍኗል። ውኃው ይቁም፣ መውጫው ይፈተሽ፣ ድብልቁ በመንሽ ይገልበጥ።

ግፊቱ ከጨመረ፦ ድብልቁ በስብሶ ደቋል። ወጥቶ ይነፋ፤ ትልልቁ እንጨት ተመልሶ አዲስ ይጨመርበት።

መብራት ለጥቂት ቀናት ከጠፋ፦ ባክቴሪያዎቹ እርጥበት ካላጡ ይቆያሉ። መደቡን ማርጠብ አይቋረጥ። መብራቱ ሲመለስ ሥራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሮጌው ድብልቅ፦ ከከብት፣ ከዶሮ ወይም ከቄራ አየር የመጣ ከሆነ ለማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የቀለም፣ የማሟሚያ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል አየር ያጣራ ከሆነ ግን ወደ ማሳ መግባት የለበትም።

ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር

ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከሽታም በላይ ገዳይ ጋዝ ነው። በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከዚህ በብዙ ሲበልጥ በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የእበት ጉድጓድ ሲማሰል በአንድ ጊዜ በብዛት ይወጣል። በቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ፀጉር ማንሻው የሰልፋይድ ውኃ ከአሲድ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ይፈጠራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ቦይ መሄድ የለባቸውም።

ማንም ሰው ማጣሪያ አለ ብሎ ወደ እበት ወይም ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ መግባት የለበትም። አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ቢገኝ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛውም ሰው እዚያው ሊቀር ይችላል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይህን ነገር ከማጣሪያው አስቀድሞ ለማኅበሩ አባላት ማስተማር አለበት።

ስለ ቆሻሻ መጣያዎች

በቆሻሻ ቁልል ውስጥ አየር በሌለበት ሌሎች ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፤ ሚቴንም ይፈጥራሉ። ከቁልሉ ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሚቴን ነው። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ በ100 ዓመት ሲታሰብም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ይህንንም ጋዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። በዴንማርክ በአሮጌ መጣያዎች ላይ ወፍራም የብስባሽ ሽፋን እየተነጠፈ ሚቴኑ በሽፋኑ ውስጥ ሲያልፍ እንዲበላ ይደረጋል። ሚቴን በውኃ የሚሟሟው በጣም ጥቂት በመሆኑ ከሽታ ጋዝ ይልቅ እጅግ ረጅም ቆይታ ይፈልጋል። ከ2009ኙ አደጋ በኋላ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በቆሼ የፉኩኦካ ዘዴ ተሠርቶበታል። በዚህ ዘዴ በቁልሉ ውስጥ ቱቦዎች ተቀብረው ፍሳሹ በታች ይወጣል፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ አየር የሚፈልጉት ባክቴሪያዎች ሲበዙ ሚቴኑና ሽታው ይቀንሳሉ።

ይህ በመሐንዲስ የሚመራ ሥራ እንጂ በማኅበር ደረጃ የሚሞከር አይደለም። ባዮጋዝ ያለው ማኅበርም ሚቴኑን በመደብ ለማጣራት ከመድከም ለምድጃ ቢያነድደው ይጠቀማል።

ማጠቃለያ

የብስባሽ መደብ ሽታን በርካሽ ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን በማይሆን ቦታ የተሠራ በረት፣ ቄራ ወይም መጣያ ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ አያደርገውም። የጎረቤትን ፈቃድና ምክር መጠየቅ ከማጣሪያው መቅደም አለበት። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ማኅበሩ ምንጩን መቀነሱን፣ አየሩ በተዘጋ ክፍል መያዙን፣ ልኩ በትክክል መውጣቱንና ኃላፊ መመደቡን አረጋግጦ በመጀመሪያ በአንድ ክፍል ላይ እንዲሞከር ቢያደርግ ይመረጣል። የጎረቤቶቹ የነጥብ መዝገብ ከሁለት ወር በኋላ ከፊተኛው ጋር ሲመሳከር ነጥቡ ከወረደ ሥራው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይስፋ፤ ካልወረደ ግን ሌላ ወጪ ከመውጣቱ በፊት እርጥበቱ፣ ክፍተቱና ልኩ እንደገና ይመርመሩ።